ካፖርቱን ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ

ሙልዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ዛሬ ስድስት ወር ከአስራ ሁለት ቀን ሆነ። እኔ አይደለሁም የምቆጥረው፤ ልጅህ ሔለን ወጥ ቤት ያለው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች፣ እኔ ሻይ በጣድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ልጆች ሆነን ደብዳቤ ስንጽፍ መጀመሪያ የምንጠይቀው ጤና ነበር። ያንን ልጽፍልህ ጀመርኩና ተውኩት። ከእንግዲህ አንተ ምን ትታመማለህ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ እዚያ ይበርዳል ወይ? እዚህስ ከፋሲካ በኋላ በረዶ ጣለብን።

አልዋሽህም፣ ለፋሲካ ሙቀት ነበር። የቼሪው ዛፍ አብቦ፣ ሰዉ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ እዚህ ሰፈራችን ዋይት ሲቲ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ልጆች አይስክሬም ይልሱ ነበር። እሑድ ፈሰክን። ማክሰኞ ማታ ያቺ አንተ የምትወዳት የአየር ሁኔታ ተናጋሪ ብቅ ብላ ከሰሜን ነፋስ እየመጣ ነው አለች። ካርታው ላይ የስኮትላንድና የዌልስ ተራሮች ነጭ ተቀቡ፣ ሜዳው ሰማያዊ ሆነ። በረዶ ለተራራው፣ ውርጭ ለሜዳው። አንተ ብትኖር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ድምፁን ትጨምርና «ጽጌ፣ ነይ እይ፣ ነይማ እይ» ትለኝ ነበር። እኔም ከወጥ ቤት ሳልወጣ «አየሁት» እልህ ነበር። አላየሁትም ነበር ሙልዬ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አየሁት እያልኩህ አንድም ቀን አላየሁትም።

ረቡዕ ጠዋት ስነሳ የኤስቴታችን ግቢ መኪና ማቆሚያ ነጭ ሆኗል። በመስኮት ሳይ የቼሪው አበባ ረግፎ ነበር የመሰለኝ። ሔለን በፒጃማ መጥታ አጠገቤ ቆመችና «ማሚ፣ ስኖው ነው እኮ፣ ሲሪየስሊ፣ በኤፕሪል» አለችኝ። ምን እንዳሰብን ታውቃለህ። አንተ ብትኖር ይሄኔ ጫማህን ሳታስር ደረጃውን ወርደህ ነበር።

በረንዳ ላይ ያለውን ነገር ልንገርህና ይውጣልኝ። በሶብላህን ውርጩ ፈጀው፤ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ጣሳው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ግንቦት ሳይገባ ወደ ውጭ እንዳታወጪው እያልክ በየዓመቱ ስትነግረኝ እሺ እሺ እል ነበር፣ ጸሐይ ሳይ ግን አላስቻለኝም፣ አወጣሁት። ጤና አዳሙ አለ። ምንም አልሆነም፣ በረዶውን አራግፎ ቁጭ ብሏል። ያንተ ዘር ሳይሆን አይቀርም።

ሌላ ምን አለ። ሊፍቱ ተሠራ። ሔለን ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የነበረውን ቤት ትታ ወደኔ ተመልሳለች፤ ለኪራዩ ብላ ነው ትላለች፣ እኔን ብላ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ያንተን የሶፋ ቦታ ይዛለች፣ አልተቆጣኋትም። ሂቲንጉን እንደ ልቤ ነው የማበራው። በመጋቢት፣ በጋ መጣ ተብሎ የአገሩ ሰዓት በተቀየረ ቀን ተነስተህ የምታጠፋብኝ ሰው የለም። ያኔ ስንት ቀን ተጣላን አቦ። «ወሩ መጋቢት ነው፣ የምን ሂተር» ትላለህ፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ጋቢዬን ለብሼ ጥርሴን እያፋጨሁ እረግምሃለሁ። አሁን ቤቱ ይሞቃል። በጣም ይሞቃል፤ አንዳንዴ ራሴ ተነስቼ አጠፋዋለሁ።

እንግዲህ ልጽፍልህ ወደተነሳሁበት ነገር ልምጣ። ወሬ እያበዛሁ የምዞረው ፈርቼ ነው፣ ታውቀኛለህ።

የሻንጣው ነገር ነው። ሰዓት ሲቀየር ከሂቲንጉ ቀጥሎ የምትሠራው ሁለተኛው ሥራ ሻንጣ ማውረድ ነበር። እዚህ ሰው ሊሞቀው ሲል እዚያ ደባርቅ ክረምት ይመጣል፣ በሰኔ ጭጋጉ ከተራራው ሲወርድ እሳት ዳር ያለ ሰው እንኳ ይንቀጠቀጣል ትለኝ ነበር። ስለዚህ የቤታችን ካፖርት ሁሉ ለፋሲካ አገር በሚገባ ሰው ይላካል። የኔ፣ የሔለን፣ ያንተ፣ ከጎረቤት የለመንከው ሳይቀር። ሻንጣው ላይ በወፍራም ማርከር «ለእትዬ አስካለ፣ ደባርቅ» ብለህ ትጽፋለህ። እህትህ ከመንደሩ ማን ምን እንደሌለው ስለሚያውቁ ያከፋፍላሉ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ከቻሪቲ ሱቅ ሌላ የተለበሰ ካፖርት በርካሽ እንገዛለን። የሰው ቤተሰብ ካፖርት ለዓመታት ይለብሳል፣ የኛ ቤት ካፖርት ስድስት ወር ብቻ ያገለግልና አውሮፕላን ይሳፈራል።

ታዲያ በየዓመቱ፣ ሻንጣው በሄደ በሳምንቱ፣ አንድ የመጨረሻ ብርድ አይቀርም። ትዝ ይልሃል፣ ሔለን አስር ዓመቷ ሳለ በረዶ ጥሎ ሁለት ሹራብና ያንተን ሰደርያ ደርባ ትምህርት ቤት የሄደችው? እንደ ሽንኩርት ተደራርባ እያለቀሰች። አንተ በሩ ላይ ቆመህ «ይሄም ብርድ ሆኖ» ብለህ ስትስቅ በስሊፐሬ ወረወርኩህ። የሚገርመው በዓመቱም መልሰን ያንኑ አደረግን። የእንግሊዝ ሰው ካፖርቱን እስከ ሰኔ እንደማያነሳ እያየን፣ እኛ መጋቢት ካለፈ ብርድ የለም ብለን በአገራችን ካላንደር እንኖር ነበር።

አንተ ተራራ ትወድ ነበር። ከጠዋቱ አመዳይ የገብሱን ማሳ ነጭ አድርጎት፣ በባዶ ሆድህ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከእግርህ በታች እንደ ጨው ይንኮሻኮሽ እንደነበር፣ ከሩቅ ከተራራው ጫፍ ላይ ደግሞ አንዳንድ ዓመት እውነተኛ በረዶ ተቀምጦ ታየው እንደነበር መቼም ሺህ ጊዜ ነግረኸኛል። እዚህ መጥተህ የከተማው በረዶ አላረካህም። ጠዋት ይጥላል፣ ለምሳ ሰዓት አንተው የምትነዳው አውቶቡስ ጭቃ አድርጎ ይረጨዋል። አንተ የፈለግከው የሚቀመጥ በረዶ ነበር። ተራራ ላይ ወጥተህ፣ ከላይ ሆነህ፣ ሜዳውን ቁልቁል ማየት።

ለዚህም ዕድል ነበረህ። ጋሽ ተስፋሚካኤል በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች በትልቅ አውቶቡስ ወደ አንድ ተራራ ይወስዳሉ። ጾሙ ተፈትቷል፣ ሰዉ የዶሮውን ትራፊና እንቁላሉን በሳህን ይዞ ይሄዳል። አንተ በየዓመቱ ትጠይቀኛለህ፣ እኔ በየዓመቱ ያንኑ እመልስልሃለሁ። «ሙሌ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ የምውል ሴት ነኝ። ኦፍ ቀኔን በረዶ ላይ አሳልፊው ትለኛለህ?» እውነትም አለኝ። ፓርክ ሮያል ባለው ሳንድዊች ፋብሪካ አራት ዲግሪ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆሜ ዳቦ ላይ እንቁላል ስቀባ ውዬ፣ ጣቶቼ ራት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ የኔ አይመስሉኝም። አንተም ትስቃለህ፣ «እሺ፣ ለከርሞ» ትላለህ። እኔ ካልሄድኩ ብቻህን አትሄድም። ያ ደግሞ ያናድደኝ ነበር፤ ሂድ አልኩህ፣ ማን ያዘህ አልኩህ።

አምና በጥር፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመን ነፋሱ ከሁለት ጎን ሲገርፈን፣ ያንን ትልቁን ጥቁር ካፖርትህን ከፈት አድርገህ ግማሹን እኔ ላይ ጣልክልኝ። ሞቀኝ። ሲሞቀኝ ደግሞ አፌ ይፈታል፣ ልማዴ ነው። «አሁን ይህን ካፖርት ካለበስከኝማ ተራራህ ጫፍ ድረስ እሄድልሃለሁ» አልኩህ። አውቶቡሱ መጣ፣ ገባን፣ እኔ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቀጠልኩ። ረሳሁት። ሙልዬ፣ በቀን ውስጥ ስንት ነገር እንደምናገር ታውቃለህ። አንዱን ከሌላው አልለየውም። አንተ ግን በቀን አስር ቃል የምትናገር ሰው ነህና የሰው ቃል ስትሰማ ታስቀምጠዋለህ።

ከዚያ መጋቢት መጣ፣ ሰዓት ተቀየረ፣ ሻንጣው ወረደ። የኔንና የሔለንን ካፖርት አጣጥፈህ ከተትክ፣ ያንተን ግን ከበሩ ጀርባ መስቀያው ላይ ተውከው። አየሁት። ረስቶት ነው አልኩ። ሻንጣውን የምትወስደው ሴት ሐሙስ ከሰዓት ልትመጣ ነው፣ አንተ ሺፍት ላይ ነህ፣ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ቦታ ተርፏል። ውጭ ጸሐይ እንደ ጉድ ይወጣል። ካፖርቱን አወረድኩት፣ አራገፍኩት፣ ኪሱን ፈተሽኩ፣ መሐረብህን አወጣሁ፣ አጣጥፌ ከላይ አድርጌ በጉልበቴ ተጭኜ ዚፑን ዘጋሁት። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ማታ ስትመጣ ጃኬትህን ልትሰቅል እጅህን ወደ መስቀያው ዘረጋህና ቆምክ። እጅህ እዚያው እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። «ካፖርትህን ረስተኸው ነበር፣ እኔ ከትቼ ላክሁልህ» አልኩህ ከወጥ ቤት። አንተም «ጥሩ አደረግሽ» አልክ። እራትህን በላህ።

በዓሉ አለፈ፣ አምናም እንደ ዘንድሮ ብርዱ ተመለሰ። ተራራው ሁሉ ነጭ ለብሷል አለ ዜናው። ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ቤት ነህ። ቁርስ ሠርተህልኛል። እንደሌላው ዓመት እንሂድ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም ነበር፣ እኔም እፎይ ብዬ ነበር፤ ይኸው ተወኝ፣ ገባው ብዬ። ያን ቀን እስከ ምሳ ተኛሁ። አንተ በመስኮት በኩል ቆመህ ሰማዩን ስታይ ዋልክ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ያ ቅዳሜ ለኔ ደስ የሚል ቀን ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ሺፍትህን ልትጀምር አውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ ሻይ ይዘህ እንደተቀመጥክ፣ ልብህ ቆመ። ያንን አልተርክልህም፣ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

በአርባህ ዕለት ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ ጋሽ ተስፋሚካኤል ከኬኒንግተን ሁለት ባቡር ቀይረው መጡ። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ሲናገሩ ከኛ ይልቅ ቋንቋው ያምርባቸዋል። ጥግ ይዘው ጠሩኝ። «ጽጌ ልጄ፣ ልንገርሽ ወይስ ይዤው ልሙት እያልኩ ሰነበትኩ» አሉኝ። ከዚያ ነገሩኝ። አምና በየካቲት ሁለት ወንበር ያዙልኝ ብለሃቸዋል። እሳቸው «ሁለት? ሚስትህን በምን ታምር?» ብለው ሳቁብህ። አንተም «ዘንድሮ እሺ ብላለች፤ ካፖርትህን ካለበስከኝ እሄዳለሁ ብላኛለች። እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፣ ሹራብ ይበቃኛል» አልካቸው። በሕማማት ሳምንት ደግሞ ደውለህ ሁለቱንም ሰርዙልኝ አልክ። ምነው ሲሉህ «ካፖርቱን በገዛ እጇ ሻንጣ ውስጥ ከታ ላከችው። መልሷን ሰጥታኛለች፣ ከዚህ በላይ ላስጨንቃት አልፈልግም» አልካቸው።

እንግዲህ ይህ ነው። ያንን ካፖርት ከመስቀያው ላይ ያስቀረኸው ለኔ ነበር።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብልህ ታምነኛለህ። በሳምንቱም ብቻዬን ቤት ስሆን ተጣላሁህ። ድምፄን አውጥቼ። ለምን አልጠየቅከኝም? አንድ ቃል ነበር፤ «ካፖርቱን የት አደረግሽው፣ ላንቺ ነበር እኮ» ብትለኝ ምን ነበረበት? ሌላ ካፖርት ከቻሪቲ እንገዛ ነበር፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እሄድ ነበር። አንተ የደጋ ሰው፣ እሺ ካለ በኋላ ቃሉን ካጠፈ ሰው ደጅ ሁለተኛ አይቆምም ብለህ ያደግክ። እኔ ደግሞ አፌ የማያርፍ የድሬ ልጅ፣ ሁሉን ነገር በአፌ የምል፤ ያቺን መልስ ግን ሳላውቅ በእጄ ሰጠሁህ። እሺ ብዬ ተናግሬ፣ እንቢ ብዬ ላክሁ።

በጥር፣ ካፖርቱን ማስመለስ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። ሌላውን ልብስህን ከአርባህ በኋላ ሰጥተነዋል፣ አንተን የሚሸት ነገር ከዚያ በቀር ዓለም ላይ የቀረ አልመሰለኝም። ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም፤ የተሰጠ ነገር መልሱ ይባላል እንዴ? ስለ ጤና ጠየቅሁ፣ ስለ ከብቱ ጠየቅሁ። በረዶ ወርዶ ባቄላውን እንደመታው ነገሩኝ። እኔ ዙሪያውን ስዞር እሳቸው ራሳቸው አነሱት። መርዶህ የደረሰ ዕለት፣ አንተ እዚህ ስለተቀበርክ የሚያለቅሱበት ነገር አጥተው፣ ያንን ካፖርት አልጋ ላይ ዘረጉት። እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ አዝራሩን ቆልፈው። አገሩ ሁሉ መጥቶ በካፖርትህ ላይ አለቀሰ። ለማንም አልሰጡትም፤ ገና ሲደርሳቸው የወንድሜ ይሄኛው ለራሴ ይሁን ብለው ያስቀሩት ነበር። አሁን በነጠላ ጠቅልለው ምሰሶው ላይ ሰቅለውታል። «ልላክልሽ ወይ?» አሉኝ። ሳልጠይቃቸው።

«የለም እትዬ፣ እዚያው ይሁን» አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ፣ ግን ደግ ልቅሶ ነበር። ሁለታችንም አገር ሳንገባ ስንት ዓመት አለፈን። ካፖርትህ ገባልህ።

ዘንድሮ ሰዓት ሲቀየር ሻንጣውን እኔ አወረድኩ። ሔለን ማርከሩን ይዛ እየሳቀች ፊደሉን ስትጽፍ «ደ»ን ገለበጠችው። ካፖርቶቹ ሄዱ። እንደ ልማዳችን ያለ ካፖርት ቀረን፣ እንደ ልማዱ በረዶው መጣ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ተስፋሚካኤል ደወሉ። ስም ዝርዝራቸውን እያነበቡ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ቀጥ ብሎ «ጽጌ ልጄ፣ ዘንድሮስ?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የፍሪጁን ታሪክ እጀምር ነበር። «ሁለት ወንበር ያዙልኝ» አልኳቸው። «ይዣለሁ» አሉኝ። ሳይጠይቁኝ ይዘው ኖሯል።

የምለብሰው ስላልነበረኝ ሱፐርቫይዘሬን ለመንኳት። እቃ የሚጫንበት ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ የሚገቡት ልጆች የሚለብሱትን ጃኬት አዋሰችኝ፤ ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ ደረቱና ጀርባው ላይ የሚያበራ መስመር ያለው። አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ ሰዉ ሳቀ። የመንገድ ሠራተኛ መጣች አሉ። ሔለን «ማሚ፣ ቢያንስ አትጠፊም» አለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም እስከ ዌልስ ድረስ ሳወራ፣ ስዘፍን፣ እንቁላል ስልጥ ሄድኩ። አዝና ትቀመጣለች ብለው የጠበቁኝ ተገረሙ። ምን ላድርግ፣ የተፈጠርኩት እንዲህ ነው፣ አንተም ያገባኸኝ ይህን አይተህ ነው።

ሜዳውን ብታየው። ያ ቢጫ አበባ፣ የኑግ ማሳ ይመስላል የምትለው፣ ሙሉ በሙሉ አብቦ ሳለ በረዶ ወርዶበታል። ቢጫው ከነጩ ሥር ብቅ ብቅ ይላል። በጎቹ ከነግልገሎቻቸው ውርጭ ላይ ቆመው ጭስ ይተነፍሳሉ። ከዚያ መንገዱ መውጣት ጀመረ፣ ቢጫው ቀረ፣ አጥሩ ቀረ፣ ነጭ ብቻ ሆነ።

ከአውቶቡስ ወርደን ትንሽ ሽቅብ ሄድን። እግሬ ሥር ተንኮሻኮሸ። እንደ ጨው ነው ያልከኝ እውነትህን ነው። አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ ደርሼ ዞርኩና ቁልቁል አየሁ። ሜዳው ሁሉ ከታች ተዘርግቷል፣ ፀጥ ብሎ፣ እስከ ዓይን ማብቂያው። ጓንቴን አውልቄ በረዶውን በእጄ ያዝኩት። አስራ አንድ ዓመት ፋብሪካው ውስጥ ቆሜ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ስከራከርህ የኖርኩ ሴት፣ ይህኛውን ብርድ አላውቀውም ነበር። የፋብሪካው ብርድ ክሎሪንና እንቁላል ይሸታል፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ይኼ ምንም አይሸትም። ፊት ላይ ዳስሶ ያልፋል።

ደስ አለኝ ሙልዬ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ብርዱ ቢያስጠላኝ፣ ተንቀጥቅጬ ወደ አውቶቡሱ ብሮጥ ኖሮ፣ «ይኸው፣ ብዬህ ነበር» ብዬ ቀሪ ዘመኔን ባረፍኩ። ወደድኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የምወደውን ነገር ስትሰጠኝ ስመልስልህ ኖሬያለሁ።

እዚያ ድንጋይ ላይ ምን ያህል ዝም ብዬ እንደቆምኩ አላውቅም። ሔለን አሟት ይሆን ብላ መጣች። ጋሽ ተስፋሚካኤልም ከዘራቸውን እየተከሉ ደረሱና ትንሽ አዩኝ። «ሙሉጌታ በሃያ ስድስት ዓመት ያልቻለውን ይኼ ተራራ በአንድ ጠዋት ዝም አሰኘሽ» አሉ። ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ሌላ ሄደ፣ ሔለን ያዘችኝ፣ ያ የሚያበራ ጃኬት ውስጥ ገብታ። ግማሹን ጣልኩባት። አንተ ፌርማታው ላይ እንዳደረግከኝ።

ዛሬ እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ከቅዳሴ መልስ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ውጭ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፣ ከበረንዳው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ጤና አዳሙን ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ቃል ልግባልህ፣ ይሄኛውን ደግሞ አልረሳውም። ለከርሞ ሰዓት ሲቀየር ሻንጣውን አወርዳለሁ፣ በየዓመቱ አወርዳለሁ፣ እኔ ሳልችል ሔለን ታወርዳለች፤ እትዬ አስካለ ያለ ካፖርት ክረምት አይገቡም። ግን ከበሩ ጀርባ፣ ካንተ መስቀያ ላይ፣ አንድ ካፖርት ሁልጊዜ ይቀራል። ትልቅ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ቅዳሜ ሳያልፍ ከዚያ የሚያወርደው የለም፣ ጸሐይ ቢያቃጥልም። ሰው ቤቴ መጥቶ ይህን በዚህ ሙቀት ለምን አንጠለጠልሽው ካለኝ፣ ተቀመጥ ልንገርህ ብዬ ስለ አንተ ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ። እንደማሳጥርለት አትጠብቅ።

ለጥያቄህም መልሴን በአፌ እነግርሃለሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን። እሺ ሙልዬ። እሄዳለሁ። ካፖርቱን አውርደው።

ያንተዋ
ጽጌ